በሩን ስለከፈቱልን እናመሰግናለን

ለሀገረ ስብከታችን የፍትሕና ሰላም ጽሕፈት ቤት ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለስ እንዳይዝል፣ ድምፅዎ መግለጫ ሲያነብ እንዳይሰልል፣ እንቅልፍዎም እስካሁን እንደነበረው ሁሉ ያልተረበሸ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ከአንድ ሰው በስተቀር ደህና ነን።

ማንነቴን ስለማያውቁ ልንገርዎት። በሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሴት ነኝ። የሸሚዝ ቁልፍ ማለቴ ነው እንጂ የበር ቁልፍ በእኔ ክፍል አልነበረም። በአጥቢያችን ቁምስና ደግሞ የፍትሕና ሰላም ኮሚቴ ከሚባሉት ስድስት ሰዎች አንዷ ነኝ። የምንሰበሰበው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ በሻማ ካርቶኖችና እግራቸው በተሰበረ አግዳሚ ወንበሮች መካከል ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ አንድም ቀን ብቅ ባይሉ አይፈረድብዎትም።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ መጽሔትዎ ነው። «በጽሕፈት ቤታችን ትዕግሥት የተሞላበት ውይይት የፋብሪካው የኋላ በር ለሠራተኞች ተከፈተ» ይላል፤ ከጽሑፉ በላይም የክቡርነትዎ ፎቶግራፍ አለ፤ ከረባትዎ ያምራል። አብሮት የመጣው ካርድ ደግሞ በመጪው ቅዳሜ በአዳራሽዎ ተገኝቼ ለተሳትፎዬ የምስክር ወረቀት እንድቀበል ይጋብዘኛል። በሩ ሲከፈት እኔ በውስጥ በኩል ስለነበርኩ፣ በውጭ በኩል የተካሄደውን ትዕግሥት ለማየት አልታደልኩም። ስለዚህ ምስጋናዬ እንዳይዛነፍ፣ ያየሁትን ብቻ ተራ በተራ ለማስቀመጥ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። ፋብሪካው ሁለት በር አለው። የፊተኛው ስንወጣ አንድ በአንድ የምንፈተሽበት ጠባብ በር ነው። የኋለኛው በብረት በያጁ ሱቅ ትይዩ ወዳለው ስርቻ መንገድ የሚያወጣ ሲሆን፣ ሥራ ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ነው። ባለ ፋብሪካው «በሩ ከተከፈተ ሸሚዝ ይወጣል» ይሉ ነበር፤ ሰው ሊወጣ የሚፈልግበት ቀን ሊመጣ ይችላል የሚለው ግን አልታያቸውም። ታናሽ እኅቴ ከእኔ አራት ጠረጴዛ አልፋ ኮሌታ ትሰፋለች፤ እኔ ቁልፍ በተከልኩ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ በር ይሄድ ነበር። ኮሚቴያችን ይህንኑ በሦስት ኮፒ ጻፈ፤ አንዱን ለባለ ፋብሪካው፣ አንዱን ለክቡርነትዎ፣ አንዱን ለራሳችን። ክቡርነትዎም በሦስተኛው ወር «የውይይት ባህል ለዘላቂ ሰላም» በሚል ርዕስ ለተዘጋጀው ዐውደ ጥናት በመጥራት መለሱልን።

ሄድኩ። ምሳው መልካም ነበር። እጄን አውጥቼ ስለ በሩ ስጠይቅ፣ አሠልጣኙ ጥያቄዬን በጣም ወደደውና በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «በር» ብሎ ጻፈው፤ ዙሪያውንም አከበበው። የወረቀቱ ርዕስ «ለጊዜው የሚቆዩ ጉዳዮች» ይላል። ወደ ቤት ስመለስ እኅቴ «እሺ፣ ምን አሉሽ?» አለችኝ። «አከበቡት» አልኳት።

፪ኛ፦ በአካል ተገኝተው ስለጎበኙን አመሰግናለሁ። ፋብሪካውን ከባለቤቱ ጋር ሲዞሩ ማሽኖቹን አደነቁ፣ ጥልፍ ያለበት ሸሚዝ ተሰጥቶዎት ደረትዎ ላይ ለክተው ፎቶግራፍ ተነሡ። እኔም ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ «ክቡርነትዎ፣ እባክዎን የኋላውን በር ይዩልን» ብዬ ለመንኩ። ክቡርነትዎ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እኅቴ፣ ሁልጊዜ ችግር ችግሩን ብቻ አትመልከቺ» አሉኝ። ምክሩ እውነት ጠልቆ ገባኝ። ያን ሰሞን የአዲሱን አዳራሽዎን የወለል ንጣፍ ያሠሩልዎት እኒያው ባለ ፋብሪካ መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት እዚህ ላይ መጥቀስ ድፍረት ስለሚሆንብኝ አልጠቅሰውም።

፫ኛ፦ ለቆሞሳችን ለአባ ስላሳዩት ርኅራኄ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ትንሽ ይረዝማል።

አባ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከክቡርነትዎ ጉብኝት በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ቅዳሴ እንደጨረሱ አንድ የእንጨት ወንበርና አንድ ትልቅ መዶሻ ይዘው ሄዱና ከፋብሪካው የኋላ በር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያን ቀን እስክንወጣ ተቀመጡ። ማክሰኞም ተቀመጡ። ብረት በያጁ ሥራውን ትቶ መጣና «አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ቢላቸው፣ «እሳት ከተነሣ ልሰብረው ነው» አሉት። «ካልተነሣስ?» «ካልተነሣማ ተመስገን እላለሁ፤ ምን ቸገረኝ?» ባለ ፋብሪካው እንዲያስነሣቸው ዘበኛውን ላኩ፤ ዘበኛው ግን የቁምስናችን ልጅ ነውና ሄዶ ጃንጥላ ይዞላቸው መጣ። እኛ ከውስጥ ሆነን ሳላቸውን እንሰማለን። ሳል እንዲያ ሊያጽናና እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የክቡርነትዎ ደብዳቤ ደረሳቸው። «ከመዋቅር ውጭ የሚደረግ የግል ተነሣሽነት የተጀመረውን ንግግር ያደናቅፋል» ይላል። አባ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡልንና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ንግግሩ ከማን ጋር ነው የተጀመረው? እኔ እዚያ ስቀመጥ ከበሩ በቀር ያነጋገረኝ የለም» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «በፍርድ ቀን ስንት ሰው አስቀደስክ ብለው የሚጠይቁኝ አይመስለኝም፤ ያ በር ተቆልፎ ሳለ የት ነበርክ ነው የሚሉኝ» አሉን። እኔ በበኩሌ ካቶሊካዊ ማኅበራዊ ትምህርት የሚባለውን ከዐውደ ጥናትዎ ይልቅ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ተምሬዋለሁ፤ ምሳ ግን አልነበረውም።

ወሩ ሳይሞላ ክቡርነትዎ ለጤናቸው በመጨነቅ ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ጽፈው ዕረፍት እንዲሰጣቸው አደረጉ፤ አባም የሦስት ሰዓት መንገድ ወዳለው የአረጋውያን ካህናት ማረፊያ ተላኩ። ሲሄዱ መዶሻውን ለመዘምራኑ መሪ ለእትዬ መዝሙር ሰጧቸው። እትዬ መዝሙር የምንላቸው ስእለት ያለባቸው ይመስል ቀኑን ሙሉ ስለሚያንጎራጉሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ በተራ የምንቀመጥ ሆንን፤ ጡረታ የወጣው መምህር ሰኞ፣ እትዬ መዝሙር ማክሰኞ፣ ሌሎቻችንም እንደየዕረፍት ቀናችን።

፬ኛ፦ እሳቱ የተነሣው ማክሰኞ ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ በካውያ ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጠለና የተከመረው ጨርቅ ተያያዘ። ካውያ ክፍሉ ከፊተኛው በር አጠገብ ስለሆነ በዚያ በኩል ማለፍ አልተቻለም። ከሰባ የምንበልጥ ሰዎች ወደ ኋላው በር ጎረፍን። የእኅቴን እጅ ይዣለሁ፤ ፊቷ ግን ከጭሱ የተነሣ አይታየኝም። ከውጭ እትዬ መዝሙር ጓጉንቸሩን ሲመቱ ይሰማናል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውም ታማሚ ነው፤ መዶሻው አንድ ጊዜ ብረቱን ሲያገኝ ሁለት ጊዜ ግድግዳውን ያገኛል። «በያጁ! ኧረ በያጁ! ልጆቼ አለቁ!» እያሉ ሲጮኹ፣ ያን ድምፅ በየእሑዱ የማውቀው መሆኑን ማመን አቃተኝ።

ውስጥ ሰው እርስ በርሱ ሊረጋገጥ ነበር። ያዳነን ጨርቅ ቆራጩ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ስለማያውቅ ሁላችንም «ሜትር» እንለው ነበር። ከሁላችን ኋላ ቆሞ እጁን ዘርግቶ፣ «አትገፋፉ! ሴቶቹ ጎንበስ በሉ! ተራ በተራ ነው የምትወጡት፣ እንደ ጨርቅ ነው ቆጥሬ የማወጣችሁ!» ይል ነበር። በዚያ ጭስ ውስጥ አንዷ ሳቀች፤ እውነቴን ነው። በያጁ መቁረጫውን ይዞ ደርሶ ጓጉንቸሩን ሲቆርጠውና በሩ ሲበረገድ፣ ሜትር እንዳለው አንድ በአንድ አሳልፎ አስወጣን። እኔን በጀርባዬ ገፋኝ። የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር፤ ሁለት ሰው ደግፎት ወጣ፤ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነው፤ ጭሱ ውስጥ ብዙ ቆይቷል። የቆየው በሩ እስኪከፈት ነው፣ ክቡር ሆይ። ቁልፉ በባለ ፋብሪካው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

፭ኛ፦ ለቀብሩ ስለላኩት የአበባ ጉንጉንና ስለ ሐዘን መግለጫው አመሰግናለሁ። መግለጫው የደረሰውን «ማንም ያላሰበው አደጋ» ይለዋል። እኛ ግን አስበነው ነበር፤ በጽሑፍ፣ በሦስት ኮፒ። የሜትር ባለቤት መግለጫውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ዘለልኩት፤ ውሸቴን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መጡና በሩ ዳግመኛ በጓጉንቸር እንዳይቆለፍ አዘዙ። አሁን በሩ ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት ሆኗል። ትዕግሥት የተሞላበት ውይይትዎ ያስገኘው ፍሬ እንግዲህ ይህ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ ስለሚሆነው ነገርም አንድ ተረት ነበረኝ፤ እሱም ስለ ውሻ ሆኖ ተገኘና ተውኩት።

፮ኛና የመጨረሻው፦ ለአባ ዕረፍት መጠንቀቅዎን እስከ መጨረሻው ስላጸኑ አመሰግናለሁ። ባለፈው እሑድ ከእኅቴ ጋር ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ክፍላቸው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ወደ ግንብ የሚያይ አንድ መስኮት ነው። ገና ከመቀመጤ «በሩስ?» አሉኝ። «ተከፍቷል አባ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉና እጄን ጨበጡ። ከዚያ ፈገግ ብለው «ሜትርስ? አሁንም ያንን መለኪያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ማንም አልነገራቸውም ነበር። ስለ አንድ ወንበርና ስለ አንድ መዶሻ ሁለት ገጽ የጻፈላቸው ጽሕፈት ቤት፣ ስለ አንድ ሰው ሞት አንድ መስመር የሚጽፍበት ጊዜ አጥቷል። እኔ ነገርኳቸው። አባ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልሂድ ባልል ኖሮ።» የሄዱት በትእዛዝ መሆኑን፣ መታዘዝም ቃላቸው መሆኑን ብነግራቸው አልሰሙኝም። እኅቴ ጎናቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ክቡርነትዎ በሕይወትዎ ብዙ የሰላም ንግግር አድርገዋል፤ የእኒህን ሽማግሌ ሰላም የሚመልስ ንግግር ካለዎት ግን መንገዱ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፣ አውቶቡስም አለ።

የምስክር ወረቀቱን በተመለከተ ለክብሩ እጅ እነሣለሁ፤ አልመጣም። ቅዳሜ ከኮሚቴው ጋር ሆነን አባ ወደ ቁምስናቸው እንዲመለሱ የምንጠይቅበትን ፊርማ በየቤቱ እየዞርን እናሰባስባለን። ፋብሪካው ውስጥ ካሉት፣ ቅዳሴ ከማያስቀድሱትና እምነታቸው ሌላ ከሆነው ጭምር፣ ያልፈረመ የቀረ ጥቂት ነው። ጽሑፉ ለጳጳሱ በቀጥታ ይሄዳል፤ በክቡርነትዎ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ሥራ ማብዛት መስሎ ታይቶን ነው።

ክቡርነትዎ ሳይደናገጡ፣ ሳይቸኩሉና ከወንበርዎ ሳይነሡ ስለ ድሆች ለረጅም ዘመን እንዲናገሩ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከማይተናነስ ትዝብት ጋር፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ለመሆን ብዙ የሞከረች፣
ቁልፍ ተካይዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከጫማ ፋብሪካው ሁለት ሴቶች ወደ ዕቃ ቤታችን መጥተው ነበር። ሙጫው የሚሸትበት ክፍል አየር የለውምና ሦስት ባልደረቦቻቸው ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፤ የፍትሕና ሰላም ቢሮ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። የክቡርነትዎን አድራሻ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። በሩ ድረስ ከሸኘኋቸው በኋላ ግን አሳዘኑኝና፣ ሮጬ ደርሼ ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኳቸው።