ጋሽ ሚዛንና አራተኛው ቢየላ

ጎረቤቱም ደንበኛውም «ጋሽ ሚዛን» እያለ የሚጠራቸው ውድ ወንድማችን፣ ከአባታቸው ከከባድ መኪና ሾፌሩና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ከስልሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ፤ እናታቸው ይሉ እንደነበረው ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሰላም አላገኘም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው ተምረዋል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ላይ «ጎበዝ ተማሪ ነበሩ» ማለት የተለመደ ነው። እሳቸው ግን ለይሉኝታ እንኳ ውሸት አይወዱም ነበርና እውነቱን እንናገር፦ በፊዚክስ አንደኛ፣ በቀረው የፈጣሪ ያለህ የሚያሰኙ ነበሩ። ከዚያም በሙያ ትምህርት ቤት መካኒክነት ተምረው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ በሞተር ዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። በሃያ አምስት ዓመታቸው የሞተር ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከወንድማቸው ጋር አንዲት አሮጌ መኪና ገዝተው፣ በተራራው መንገድ ለሚደረገው የመኪና ውድድር የሚሆን ሞተር በግቢያቸው መገጣጠም ጀመሩ። ያኔ ሐሳባቸው ሁሉ ጉልበት መጨመር ላይ ነበር። ትልቅ ካርቡራተር ገባ፤ ጠንካራ ፒስቶን ተገዛ። ፒስቶኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘውን ብረት፣ ቢየላውን፣ ግን በአሮጌ ብሎኖቹ መልሰው አሰሩት። ብሎኖቹ ታጥበው ያብረቀርቁ ነበር፤ ለውድድሩም የቀረው ሦስት ቀን ነው። «ንጹሕ ነው፤ ምን ይሆናል?» ተባለ። ያሉት ሁለቱም ናቸው፤ ጋሽ ሚዛን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ «ያልኩት እኔ ነኝ» እንዳሉ ኖሩ። አንዴ ከልኩ በላይ የተሳበ ብሎን ላዩ ቢያምርም አቅሙ እንዳለቀ ማን ይንገራቸው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና፣ ታናሽየው እየነዳ ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ብሎኑ ተበጠሰ። ቢየላው የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ፤ ዘይቱ የኋላ ጎማው ሥር ፈሰሰ፤ መኪናዋም መንገድ ለቃ ገደል ገባች። ጋሽ ሚዛን ከላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ወንድማቸው ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ዛሬም እንደምታዩት ነው። ጋሽ ሚዛን ሁለት ወር ሙሉ የሆስፒታሉ ወለል ላይ ከአልጋው አጠገብ ተኙ። ወንድማቸው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሳቸውም፤ እንዲያውም ሲያነክስ «ጋሼ፣ ያ ሞተርህም እንዲህ ነበር የሚሄደው» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸው ግን በዚህ ቀልድ አንድም ቀን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተው፣ «ጉልበት ጨምሩልኝ» ብሎ ለሚመጣ ሁሉ «የሚሸከመውስ ማነው?» የሚል መልስ ይሰጡ ጀመር። በመጀመሪያ የሞተሩ ሆድ ዕቃ ይመረጣል፤ ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ ከዚያ በኋላ ነው። ፒስቶኑ በቅርጽ የፈሰሰ ሳይሆን ተቀጥቅጦ የተሠራ ይሁን ይላሉ። ብሎን አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይገባም። ቢየላ ሲመርጡ ደግሞ የወርክሾፑን በር ዘግተው፣ ሬዲዮውን አጥፍተው፣ እያንዳንዱን በክር አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጉታል። ጤነኛው ድምፁ ጠርቶ ይቆያል፤ የተሰነጠቀው ደንዝዞ ወዲያው ይጠፋል። ባለመኪናው ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያልበዋል። «ይሄ አይሆንም» ካሉ አለቀ፤ የፈለገ ውድ ዕቃ ቢሆን ወደ ቁርጥራጩ በርሜል ይወረወራል። ሲለማመጧቸውም ሲቆጧቸውም ያው ናቸው። በአርባ ዓመት ውስጥ እሳቸው ያሳለፉት ቢየላ ተሰብሮ ሰው ተጎዳ ሲባል አልተሰማም።

ትዳራቸውም የመጣው በዚሁ ጣጣ ነው። አራቱ ፒስቶኖች ክብደታቸው እኩል ካልሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣልና፣ ትክክለኛ ሚዛን ፍለጋ ፒስቶኖቹን በጋዜጣ ጠቅልለው መድኃኒት ቤት ገቡ። ባለሙያዋ ወጣት «ለየትኛው በሽታ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። መዝናላቸው ስታበቃ አንዱ በሦስት ግራም እንደሚከብድ የነገረቻቸው እሷ ናት፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ ቀን የተረፈ ነው። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። ወንዱ በሒሳብ ሠራተኝነቱ እጁ ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ የእሱን ድርሻ እህቱ ጠቅልላ ወሰደችው።

ሴት ልጃቸው መሐንዲስ ሆና ተመርቃ፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ከአባቷ ጋር የራሷን የውድድር ሞተር ስትሠራ ቆየች። ፒስቶኑን፣ ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን ብሮንዚና፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ተጨቃጭቀው መረጡ። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ አንድ ቅዳሜ በአንድ ብሎን ምክንያት ምሳ ሳይበሉ የዋሉበት ቀን አለ። እሳቸው ሲመርጡ ደስተኛ፣ ስለ ውድድሩ ሲነሳ ዝምተኛ ነበሩ። መንገዱ ያው የተራራው መንገድ ነው። የምትነዳውም እሷ ናት።

ቢየላዎቹ ሲመጡ ጋሽ ሚዛን በልብ ድካም አልጋ ይዘው ነበር። ለውድድሩ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጃቸው አራቱንም አልጋቸው ድረስ አምጥታ በመስኮቱ እጀታ ላይ አንጠለጠለች፤ እናቷ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። እሳቸው በሻይ ማንኪያ እየመቱ አዳመጡ። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ደህና። አራተኛውን ሁለት ጊዜ መቱትና «ይሄ አይሆንም» አሉ።

ሌላ ለማስመጣት ሦስት ወር ይፈጃል። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን ቢየላዎቹን አንድ በአንድ ከመስኮቱ አወረደች። አባቷ ካሉ አሉ ነው። በማግስቱ ከውድድሩ መውጣቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋ፣ ለውድድሩ ጽሕፈት ቤት እንዲያደርስላት ለአጎቷ ሰጠችው። አጎቷ ግን ቢየላዎቹ ሲመቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ እሱም ጆሮ አለው። አራተኛው እንደ ሦስቱ ጠርቶ ነበር የጮኸው። ቀና ብሎ ወንድሙን ሲያይ፣ ወንድሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አሥራ አንድ ቀን ሁለቱም ዝም አሉ። አንዱ ይጠይቀኛል ብሎ ይፈራል፤ አንዱ ልጠይቅ አልጠይቅ ይላል። ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ሚዛን ባለቤታቸውን ውኃ እንድታመጣ ልከው፣ «ሰምተሃል አይደል?» አሉት።

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ምንም የለበትም። ከአራቱ የሚበልጠው እሱ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ያ መታጠፊያ ነው የሚታየኝ፤ መሪው ላይ ያለኸው አንተ ሳትሆን እሷ ናት። አልቻልኩም።»

«ታዲያ ንገራት።»

«ዓይኗን እያየሁ? ይህንንም አልቻልኩም» ብለው አለቀሱ። እጃቸው ከሲታ ሆኖ ሳለ የወንድማቸውን ክንድ የያዙበት ኃይል ግን የጤነኛ ነበር። «ሰው ሁሉ በኔ ቃል ስንት ዕቃ ጥሏል። ውሸት አስታቅፈኸኝ እንዳትቀብረኝ። ታሪኬ ውስጥ ጻፈው። ሰው ባለበት አንብበው» አሉ። ወንድማቸውም እሺ አለ።

ጋሽ ሚዛን በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቃላቸውን ለማክበር ይህ እንደታዘዘው ተጽፎ፣ እንደታዘዘው እየተነበበ ነው። እሳቸውን ለማሳፈር አልተጻፈም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሹ፣ እሱም ከፍቅር ብዛት ነው፣ እሱንም ይዘው አልሄዱም።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ፣ ስሚ፦ አራቱም ቢየላዎች ጤነኛ ናቸው። ደብዳቤሽን አላደረስኩትም፤ ይኸው ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ያ መንገድ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ሁሉ ሰው ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሂጂም ቅሪም አልልሽም። ስንጨርስ እሰጥሻለሁ፤ መቅደዱም ማድረሱም ያንቺ ነው። አባትሽ ግን ሲያዳምጡት ዋሹ እንጂ ሲመርጡት አልተሳሳቱም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ያድልልን። የጋሽ ሚዛንን ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ሲፈሩት ከኖሩት መንገድም ያሳርፍልን።