አልጋህን አትፈልግ

አዱኛ፣
አልጋህን ሌባ አልወሰደውም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ባዶዎቹን የናፍጣ በርሜሎች ከሥሩ አስሬ ታንኳ አድርጌዋለሁ። የእኔን አልጋ አስቤው ነበር፣ ግን እግሩ እንደሚነቃነቅ ታውቃለህ።
ሳላስፈቅድህ መውሰዴ… እሱን ስንገናኝ።

ክረምቱን ሙሉ ስለዚህ ጉዞ አወራን። መጀመሪያ «ፍልሰታ ትፈታ» አልክ። ተፈታች። ከዚያ «በሩፋኤል ዝናብ ሳልጠመቅ ውኃ ላይ አልወጣም» አልክ። ተጠመቅህ። አሁን ደግሞ «ሽንፋ ትንሽ ይጉደል» ትላለህ። አንተ ሰው፣ ወንዙ ከጎደለማ የድንበር ጠባቂዎቹ ወደ ዳርቻው ይመለሳሉ! ሱዳን የሚያደርሰን ይኸው የውኃው ሙላት ነው።

ጠዋት አንተ ሥራ ላይ እያለህ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ነበር። «አዱኛ ለውትድርና ተመርጧል፤ የት ነው?» አለኝ። «ሳንጃ ሄዷል» አልኩት። ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ቤት ውስጥ አግኝቶህ ውሸታም እንዳታሰኘኝ።

ዶሮዋን ለጎረቤታችን ለኩብራ ስጣት። ታንኳ ላይ አትቀመጥም፤ ሞክሬያለሁ፣ እጄን ቧጭራኛለች።
ይህን ወረቀት እሳት ውስጥ ክተተው።

ያን ጊዜ ጭቃው ጫማህን የዋጠብህ ቦታ ታንኳውን ከዛፍ ጋር አስሬ እጠብቅሃለሁ። አንተ ሳትመጣ ገመዱን አልፈታም። እንግዲህ «ይጉደል» እያልክ ቁጭ ብትልና እኔን እዚያው ቢይዙኝ፣ ለእናቴ የምትነግራት አንተ ነህ።

ትራስህን ረስቻለሁ። ይዘኸው ና።

ቢሻው