ቆርጬ ያወጣኋት ዲስክ

ውድ ጀዊሪያ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ። ወረቀት ላይ ግን ማምለጫ የለኝም።

ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲሽ ያመጣሻት ዲስክ የሸሚዝ ቁልፍ ብታክል ነው። እኔ፣ ቆቦ ላይ አሥራ አራት ዓመት ፓምፕ የጠገንኩት ሰውዬ፣ «ይቺ ሸክላ ናት መብረቅ የምትመልሰው?» ብዬ ሳቅሁብሽ። አልተቀየምሽኝም። የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ከቁንጣሪ ቢስሙዝና ኮባልት ጋር ተጨምቆ እንደሚተኮስ ነገርሽኝ። «በደህናው ቀን ዝም ትላለች፤ ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ግን መንገድ ከፍታ ወደ መሬት ትሸኘዋለች» አልሽኝ። የሶላር ፓምፕ ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ በውስጧ ያሉት ቅንጣቶች መወፈር ነበረባቸው፤ ለዚያም ቲታኒየም ጨመርሽበት። ቢስሙዙ ተንኖ እንዳይጠፋ ስንቱን ቀን ምድጃ ስትጠብቂ እንደዋልሽ ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዋጃ፣ አሥራ ስምንት ገበሬ በተራ ውሃ በሚቀዳበት ፓምፕ ላይ አብረን ገጠምናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ በነጎደ ቁጥር ፊውዙ ይቃጠል ጀመር። ለካ ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ስትሸኝ ነበር ፊውዙ የሚቃጠለው፤ ሥራዋን እየሠራች ነበር። አንድ ቀን ከገበሬዎቹ አንዷ፣ እማማ ኡሙሃኒ፣ መጡ።

«ልጄ አራጌ፣ ፊውዝ እስክታመጣ ተራዬ አለፈ እኮ! ሽንኩርቴ ነደደ። ያቺን ቁልፍ መሳይ ንቀልልኝ፣ አላህ ይስጥህ።»

በፒንሳ ቆረጥኳት። ውሃው መጣ፤ መረቁኝ።

በሦስተኛው ቀን መብረቅ ወርዶ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ተቃጠለ። ማሳው ሁሉ አሥራ አንድ ቀን ውሃ አጣ። መጥተሽ «ዲስኳ የት አለች?» ስትዪኝ «ፈነዳች፤ ጣልኳት» አልኩሽ። ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንቺ ገበሬው ፊት ቆመሽ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አውፍ በሉኝ» አልሽ። እማማ ኡሙሃኒ አዩኝ፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ትናንት ስትደውዪ «ዋጃ ላይ ስለከሸፈ የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚዎች ሐሙስ የዲስኳን ሥራ ሊዘጉት ነው» አልሽኝ። ማንንም አልወቀስሽም። እንዳንቺ ያለ ሰው ፊት እንዲህ ማነሴን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት እማማ ኡሙሃኒን «እውነቱን ልናገር ነው» አልኳቸው። «ጠይቄ ያስነቀልኩት እኔ፤ ብቻህን አትናገርም» አሉኝ። ከስሜ ጎን ያለው የጣት አሻራ የእሳቸው ነው። ደብዳቤውን ገምጋሚዎቹ ፊት አንብቢው፤ ስሜን አትሸፍኚልኝ።

ዲስኳንም በጥጥ ጠቅልዬ ለሚኒባሱ ሹፌር ለአለሙ ሰጥቼዋለሁ። ከመጠቅለሌ በፊት እንዳስተማርሽኝ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግሁ ለካኋት። ዝም፣ ዝም፣ ዝም አለች። ከዚያ ልክ አንቺ በጻፍሽው የቮልቴጅ ቁጥር ላይ መንገድ ከፈተች።

የበደለሽ ወንድምሽ፣
አራጌ፣ ከቆቦ