በጄኔራሉ ወገብ ላይ ስለታየው ማዘያ

ለክቡር ጄኔራል ሐርጎ ዊራታማ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎንስ አያምዎትም? ለወግ ያህል መጠየቄ አይደለም። ባለፈው ሳምንት በመንደራችን በካራንግሶኖ ኳስ ሜዳ በተወጠረው ሸራ ላይ «የሴሮው ነብር» የተባለውን ፊልምዎን አይተናል። በአንድ እጅዎ መትረየስ፣ በሌላው ጩቤ ይዘው አንድ ሙሉ የሽፍታ ጦር ብቻዎን ሲደመስሱ፣ ጥይቱም እርስዎ ዘንድ ሲደርስ አፍሮ ሲመለስ፣ ቆብዎ እንኳ ከራስዎ ሳይወርድ ተመልክተን፣ ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ወገቡ በደኅና አይቀርም ብለን ሠጋን።

እኔ ሙርኒያቲ የተባልሁ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በፊልምዎ ውስጥ ወንዙ ዳር ጠመንጃውን ጥሎ «እናቴ ድረሽልኝ!» እያለ የሚፈረጥጠው፣ «ዋጊማን» ተብሎ በስሙ የተጠራው ፈሪ ወታደር ታናሽ ወንድሜ ነው። ታሪኩ ከእርስዎ አንደበት እንደተወሰደ ገና ከመጀመሪያው በትልቁ ተጽፏልና ስሙን ለፊልም ሠሪዎቹ ማን እንደነገራቸው አልጠይቅዎትም። እናታችን ምቦክ ሳቲዬም ያን ጊዜ ከጎኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሬሳው እንኳ ያልመጣላት ልጇ ከስንት ዘመን በኋላ ስሙ ሲጠራ ስትሰማ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ለዚያች ፈገግታ መቼም ይቅር አልልዎትም።

ምስጋናዬን ግን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ዋናዎ። ጩቤ በጥርስዎ ነክሰው የሞላውን የሴሮን ወንዝ ቀዝፈው ሲሻገሩ በማየታችን እንኳን ደስ አለዎት፤ ለካስ ሰው በስተርጅናም ዋና ይማራል። በጦርነቱ ጊዜ ኮሎኔል ሳሉ በጦርዎ ውስጥ የነበረው የመንደራችን ልጅ ካስኖ ግን ደስታውን መደበቅ አቅቶት ከመሐል ብድግ ብሎ፣ «ወላሂ! ኮሎኔሉ እኮ የገላ መታጠቢያ ገንዳ የሚፈራ ሰው ነበር! ዋጊማን አይደል እንዴ አዝሎ ያሻገረው!» ብሎ ጮኸ። እኛማ ይህን ከካስኖ አፍ የሰማነው ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን ነው። በአገራችን ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ እናቱ ያሳደገችበትን ማዘያ፣ ሰሌንዳንጉን፣ በደኅና እንዲመልሰው ትሰጠዋለች። ዋጊማን በዚያ ማዘያ እርስዎን ጀርባው ላይ አስሮ ወንዙን ዋኘ፤ ከወዲያ ማዶ ካስቀመጠዎ በኋላ ተኩስ ውስጥ የቀሩትን ቁስለኞች ሊያመጣ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ። የሸሸው እንግዲህ ወደዚያ ነው፣ ወደ ጥይቱ። እርስዎም ለበላይ ባቀረቡት ሪፖርት «ጠፍቷል» አሉ፤ ዛሬ ደግሞ «ሸሽቷል» ሆነ።

፪. ስለ ጦር ድግዎ። ካስኖ እንደሚለው ከዋጊማን ጀርባ እንደወረዱ ማዘያውን ሳይፈቱ እግሬ አውጪኝ ብለው ጦር ሰፈሩ ድረስ ሮጡ፤ ወገብዎ ላይ እንደተጠመጠመም ፎቶ አንሺው ደረሰብዎት። በማግስቱ ጋዜጣው «የኮሎኔሉ የጦር ድግ» አለው፤ እርስዎም ነገሩ ስለጣመዎ ቃሉን አላረሙም። በፊልሙ ውስጥማ ይኸው ጨርቅ አንድ ባሕታዊ ተራራ ላይ ደግሞበት ጥይት የማይበሳው ሆኗል። ተዋናዩ ወገቡ ላይ ሸብ ሲያደርገውና ካሜራው ሲጠጋው ጥለቱ ሸራውን ሞላው። ከዚያ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ የምትሸጠው ቡ ራህማዲና፣ «ውይ! ጄኔራሉ የሕፃን ማዘያ ታጥቋል! ልጁንስ የት ጥሎት ነው?» ስትል ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ጥለት የማታውቅ የአካባቢያችን ሴት የለችም፤ ልጅ ከማዘል በቀር ለሌላ አይውልም። ፊልሙን የሠሩልዎት የከተማ ጎበዞች አንዲት እናት ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ውርደት በዳኑ።

እናቴ አልሳቀችም። ተነሥታ በሰው መሐል አልፋ ሸራው ሥር ቆመችና በእጇ የማዘያውን ጫፍ አሳየች። «የኔ ነው» አለች። «ይቺን ቀዳዳ ዋጊማን ጥርስ ሲያበቅል የቦጨቃት ናት። በቀይ ክር የጣፍኳት እኔ ነኝ፤ እዩዋት።» አየናት። ለፊልሙ ሲሉ ዋናውን ከሳሎንዎ የመስታወት ሣጥን አውጥተው ስላዋሱ በእውነት አመሰግንዎታለሁ፤ ሌባ ዕቃውን እንዲህ አግንኖ ለሕዝብ ሲያሳይ ያየሁት በእርስዎ ነው።

፫. ከፊልሙ ወዲህ የመንደሩ ልጆች ጦርነት ሲጫወቱ የሚሸሸውን «ዋጊማን» ይሉታል። በደጃችን እያለፉ «ዋጊማን! ዋጊማን! እናትህ ጋ ሩጥ!» ይላሉ። ልጆች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እናቴ ግን በሰማችው ቁጥር በር ላይ ወጥታ ትቆማለች። ክቡር ሆይ፣ በትሕትና ጀመርሁ እንጂ ንዴቴ ሊገለኝ ነው። ጀግና መሆን ከፈለጉ ይሁኑ፤ ነብርም አንበሳም ይሁኑ፤ ወንድሜን ፈሪ ሳያደርጉ መሆን አይችሉም ነበር?

በሠራዊቱ ቀን ፊልምዎ በየክፍለ ሀገሩ እንደሚዞር ሰምተናል። ከዚያ በፊት የወንድሜ ስም ከፈሪው ላይ ይነሣልን፤ ማዘያውም ይመለስልን። እናቴ «ልጄን አልቀበርኩትም፤ ማዘያውን አምጡልኝና በስሙ ልቅበረው» ትላለች። ለእርስዎ ጌጥ ነው፤ ለእርሷ ከልጇ የቀረው አካል ያ ብቻ ነው።

ጥይት እንዳልበሳዎት ሁሉ ይህ ደብዳቤም እንዳይበሳዎት የምሰጋ፣ ለደረቅ መሬት ያበቃዎት ሰው እኅት፣

ሙርኒያቲ
ከካራንግሶኖ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ ባነብላት በእርጋታ አዳምጣ ይህን ጨምሪበት አለችኝ፦ «ለዚያ ልጅ ንገሪው፤ ማዘያ በትከሻ ተሻግሮ ነው የሚታሰረው፣ ወገብ ላይ አይደለም። ሲታዘል እንዴት እንደነበር ረሳው እንዴ?»