ጀልባሽን ያሰጠምናት እኛ ነን

እታለም፣

የቀዘፋ ክበቡ ጋ ሄደሽ ጀልባሽን መጋዘን ውስጥ ብታጪ እንዳትደነግጪ። ወደ ውሃው ከሚወርደው መሰላል ሥር ሰጥማ ታገኚያታለሽ። ሆን ብለን ነው ያሰጠምናት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሥራ ከከተማ ስትወጪ «እንጨቱ እንዳይደርቅብኝ ጠዋትና ማታ እርጥብ ጆንያ አልብስልኝ» ብለሽኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አለበስኳት። ከዚያ ልቤ ሸፈተ። ከውጭ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ መርጋት እንዳቃተኝ ታውቂያለሽ፤ ሌላ ከተማ ላለ ሥራ ማመልከቻ ስጽፍና ስቀድ ሰነበትኩ። ትናንት ብሄድ ጣውላዎቹ ተኮማትረው በየመገጣጠሚያው ብርሃን ያሳያሉ።

የክበቡ አናጺ ሲያያት ራሱን ያዘ። «ይቺ ጀልባ ናት ወንፊት?» አለኝ። ከዚያ ድንጋይ ጭነንባት አሰጠምናት። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ክበቡ ለቀዘፋ ከመውጣቱ በፊት፣ እናወጣታለን። ካልተዘጋ ግን ዓመቱን ሙሉ ስትሠሪያት የከረምሽው አንቺ ዳር ቆመሽ የሌሎቹን ቀዘፋ ልታዪ ነው።

ራት ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። ቦት ጫማሽን አድርጌዋለሁ፤ ማዕበሉ እንዳያንከባልላት ልጠብቃት ሄጃለሁ።

ስለ ማመልከቻው ስመለስ እንነጋገራለን።
ወይም ይቅር።

የክበቡ ሰዎች አዝነውልኝ «ፀሐዩ ነው ያደረቃት በላት፣ እኛም እንመሰክርልሃለን» አሉኝ። ብልሽ ታምኚኝ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ታናሽሽ