ስለ መንገድ ዳሩ ግድግዳና ስለ አሥራ ሰባቱ አቤት ባዮች

ለተከበሩ የከተማ ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የግራጫው ቀለም ሽታ ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ ጤናዎን እንዳላወከው ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ስሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ የሚለጥፈውን ማስታወቂያ እስከ ማኅተሙ ድረስ የማነብ ብቸኛው ነዋሪ ሳልሆን አልቀርም።

አንደኛ፣ በዚህ ወር ሱቁ ሁሉ ባንዲራ እንዲሰቅል ስላዘዙልን እናመሰግናለን። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ሦስት ሰቅሏል፤ አንዱ ለአገር፣ ሁለቱ ለተቆጣጣሪው ነው ይላል። በዚያው ሳምንት ግን ለዚችው አገር የሞቱትን የሰፈራችንን ልጆች ምስል ከመንገድ ዳሩ ግድግዳ ላይ በግራጫ ቀለም ማስጠፋት መጀመርዎ፣ የአገር ፍቅር በጨርቅ ሲሆን የሚፈቀድ፣ ፊት ሲኖረው የሚከለከል ይሆን እንዴ ብዬ እንድጠረጥር አድርጎኛል።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ የሚጠፋው «አሥራ ሰባት ነዋሪዎች ፈርመው ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት» መሆኑን ገልጸው፣ የፈራሚዎቹንም ስም ዝርዝር አብረው በመለጠፍዎ ግልጽነትዎን አደንቃለሁ። ፈተና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ አይጠፋኝም። ቀለም ቀቢዎቹ ሳይመጡ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ስሞቹ ከሥዕሎቹ ሥር የተጻፉት ናቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየተራቸው። ሠዓሊው ተሳስቶ ሁለት ጊዜ የጻፈውን የሟቹን አናጺ ስም እንኳ አልዘለላችሁትም። አሥራ ስድስት ሟቾች አሥራ ሰባት አቤት ባዮች የሆኑት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ልመና ነው። ከቀኝ ዳር የመጨረሻው ልጅ ገና አልተሸፈነም፤ ሰኞ እንደሚሸፈን ሰምቻለሁ። እሱም አስከሬኑም ከጦር ሜዳ አልተመለሱም። ልብስ እያጠቡ ያሳደጉት እናቱ አንድም ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ሠዓሊው የሳለው እሳቸው አጠገቡ ቆመው አፍንጫውን፣ ቅንድቡን፣ የአገጩን ጠባሳ እየነገሩት ነው። ይህችን አንዲት ክንድ ግድግዳ ይተዉላቸው። ከተማዋ በዚህ ብቻ ውበቷ አይጓደልም።

በታላቅ አክብሮት፣ ከአክብሮቱም ባላነሰ ጥርጣሬ፣

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
(ስሜን ያልጻፍኩት ሳላውቀው ሌላ አቤቱታ ላይ እንዳልፈርም ሰግቼ ነው።)

ማስታወሻ፦ እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ ዝርዝሩን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የልጃቸውን ስም ሲሰሙ፣ «መምህር፣ ከፈረመማ አለ ማለት ነው፤ የት እንዳለ ይንገሩኛ!» አሉኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት የልጃቸውን ሹራብ ይዘው ቢሮዎ ይመጣሉ። እባክዎ፣ እርስዎ ያስረዷቸው።