ሲሪንቃ መንገድ ላይ ከሳይክሌ የወረድኩ ዕለት

ዘሀራ፣

አላህ ቀብርሽን ብርሃን ያድርግልሽ። ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ቆመና የሀብሩ ማሽላ ፍሬው ሳይጠና ቢጫ ሆነ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ እንዲህ ስል አምነሽኝ አታውቂም። ደክሞኛል። ጠዋት ስነሳም ደክሞኝ ነው፣ ማታ ጋደም ስልም ደክሞኝ ነው። ልጃችን ሰይድ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ዕድሜ ነው ብለው መለሱን። ይህን ለመስማት ግማሽ ቀን ወረፋ ጠበቅን።

ቤቱ እንደተውሽው ነው፤ የምትነቅፊው ነገር ግን አታጪም። ማንጎው አፍርቶ ነበር፣ ለቃሚ አጥቶ ወፍ ጨረሰው። ሳይክል አከራይባት የነበረችውን የመንገድ ዳር ክፍል ሰይድ ለስልክ ጠጋኝ ሰጣት። ግድግዳው ላይ ተሰቅለው የነበሩት ጎማዎች ወርደው በቦታቸው መስታወት ገባ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ እኔ ግን በበሩ ሳልፍ ወደ ውስጥ አላይም። ሕፃናቱ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ፣ አንቺ ደጃፉ ላይ ተቀምጠሽ ሰዓት ስትይዢላቸው ይታየኛል። ጊዜው አልቋል፣ አስገባ ስል “ኧረ ገና ነው፣ አንድ ዙር ይቀረዋል” እያልሽ ስንቱን በነፃ አስነዳሽው! ሰዓቱን አይተሽው እንኳ አታውቂም ነበር።

አሁን የቀረችኝ ያቺ ጥቁሯ የቻይና ሳይክል ብቻ ናት። በየሐሙሱ ወደ አንቺ የምመጣው በሷ ነው። የሰይድና የኔ ጠብም በዚሁ ነው። ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ ብለሽ ሲሪንቃ ከወሰድንሽ ጀምሮ በሳይክል መምጣቴን እንድተው ይነዘንዘኛል። “አባቴ፣ ባጃጅ ሞልቶ ምን ያለፋዎታል? ሰው የሚሰድበው እኮ እኔን ነው፤ ሽማግሌ አባቱን በሳይክል ይለቀዋል እያሉ!” ይላል። እኔም እግሬ ፔዳል እስካዞረ ድረስ ወደ እናትህ ሌላ ሰው በያዘው መሪ አልሄድም ብዬ ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ማንም ይዞ አላስተማረኝም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ሳይክልም የለመድኩት ሐራ ሜዳ ላይ ብቻዬን እየወደቅሁ ነው። በስተርጅና ጫኑኝ፣ አውርዱኝ ማለት አይሆንልኝም። አይሆንልኝም ነበር ልበል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ለአዲስ ተከራይ መጀመሪያ የማስተምረው መንዳት እንዳልነበረ ታስታውሻለሽ። መውረድ ነበር። ጀናዛ ሲያልፍ ውረድ፣ የክርስቲያን ቀብርም ከሆነ ውረድ። በመስጊድ በር፣ በቤተ ክርስቲያን በር ውረድ። ሽማግሌ ሲመጣ ውረድ። ወርደህ፣ መሪህን ይዘህ፣ አንገትህን ደፋ አድርገህ አሳልፍ። ይህን ያልቻለ ሳይክሌን አይነካም። ነዝናዛ ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ አልፈጠርኩትም፤ አባቶቻችን ከበቅሎ ሲወርዱ ያየሁትን ነው ወደ ሳይክል ያሻገርኩት።

የተጋባን ሰሞን ግራና ከተማ ገበያ ስንሄድ አንቺ ከኋላ በጎን ተቀምጠሽ፣ ጥላሽን ዘርግተሽ ነበር። ሽማግሌ ከሩቅ ሲታይ እኔ ፍሬን ሳልይዝ አንቺ ዘለሽ ወርደሻል። የገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ ሽማግሌ በሽማግሌ ነው። ስንወጣ ስንወርድ፣ ስንወጣ ስንወርድ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። “ሙሄ፣ ሳይክሏ ናት እኛን የያዘችን ወይስ እኛ ነን እሷን የያዝናት?” አልሽና መሀል መንገድ ላይ ሳቅሽን ለቀቅሽው። ያሳለፍናቸው ሽማግሌም ሰምተው ኖሮ ዞር ብለው፣ “እናንተ ካልፈለጋችኋት እኔን አውጡኝ፣ ልጆቼ” አሉ። እስከ ግራና ድረስ መሳቅ አላቆምሽም። እኔ ግን በሚቀጥለውም ሽማግሌ ወረድኩ።

ያኔ ሳይክል ክብር ነበረች። በሳይክል የሚሄድ ሰው አስተማሪ ነው፣ የክሊኒክ ድሬሰር ነው፣ የእርሻ ሠራተኛ ነው። ኋላ ሞተሩ መጣ፣ ባጃጁ መጣ፣ ሳይክል የድሃና የሕፃን ሆነች። “ጋሽ ሙሄ፣ ያቺ አሮጊት ዛሬም አልሞተችም?” ይሉኝ ነበር። አንቺ ካለፍሽ ወዲህ ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆቹ ተሰልፈው ሲውሉ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ደጄን እያንኳኩ “ጋሽ ሙሄ፣ አሮጊቷን ለዛሬ ብቻ” አሉኝ። አልሰጠሁም። ነዳጁ ሲመለስ ሰላምታቸውም ቀረ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነው። የመርሳ ወጣቶች ቡድን አቋቁመዋል። ቀጭን ጎማ፣ ጠባብ ቁምጣ፣ ራሳቸው ላይ ሄልሜት። ተነስተው ወልድያ ይደርሳሉ፤ አንዲት ነገር ሳይገዙ፣ አንድ ዘመድ ሳይጠይቁ ይመለሳሉ። ስፖርት ነው ይላሉ። ስልካቸው ምን ያህል እንደነዱ ይነግራቸዋል፤ ማንን እንዳለፉ ግን አይነግራቸውም። አንዲት ልጃገረድም አብራቸው ትነዳለች። አንቺን ከኋላ በመቀመጥሽ ብቻ ያሙሽ እነዚያ ሴቶች ይህን ባዩ! በሷ ቅር አላለኝም። ከሁሉም ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት።

ቅር ያለኝ በይማም ነበር፤ በጎረቤታችን ልጅ። እግሩ ፔዳል ሳይደርስ በብረቱ መሀል እግሩን አሹልኮ ሲነዳ ያስተማርኩት፣ አንቺም ከማንጎው ትልቁን የምትመርጪለት። አንቺን ከመኪና አውርደን፣ ቃሬዛሽን ትከሻችን ላይ አድርገን ከአስፋልቱ ወደ ቀብሩ ልንታጠፍ ስንል እነዚህ ልጆች ከወልድያ በኩል እየተንደረደሩ መጡ። ይማም ከፊት ነበር። ደወሉን ደወለ። መንገድ ልቀቁ ማለቱ ነው። ከቃሬዛሽ ሥር ሆኜ አየሁት። አልወረደም። ማን እንደሆነች አላወቀም አሉኝ። ለመውረድ ማወቅ አይጠይቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታውን አልመለስኩለትም። ሰይድ “ልጅ ነው፣ ይለፉት” አለኝ። አላለፍኩትም።

ያለፈው ሐሙስ በዓል ነበርና ወጣቶቹ የወልድያን ልጆች ጠርተው ከመርሳ ወልድያ ውድድር አዘጋጁ። ለአሸናፊው ሙክት ታስሯል። “ጋሽ ሙሄ፣ አንቱ ባንዲራውን ያውለብልቡልን” ብለው ደጄ ድረስ መጥተው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። የራሴ መንገድ አለኝ ብዬ ከነሱ ቀድሜ በጠዋት ተነሳሁ።

ሲሪንቃ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከእርሻ ምርምሩ ማሳ አጠገብ ያለችው ዳገት ላይ፣ ቀኝ ጉልበቴ ተወኝ። ሕመም አልነበረም። ዝም አለ፣ እንደማይታዘዝ ሰው። ወረድኩ። መሪዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ትንፋሼን ስፈልግ የውድድሩ ሳይክሎች ከኋላዬ ሲያፏጩ ሰማሁ። በዚያ ሁኔታ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም፤ ቀና አላልኩም።

ፍሬን ተያዘ። ቀና ስል ይማም ወርዷል። ሄልሜቱን አውልቆ፣ መሪውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሁለተኛው ደረሰ፣ ወረደ። ሌሎቹም እየደረሱ ወረዱ። የመርሳዎቹ እኔን አይተው ነው፤ የወልድያዎቹ ደግሞ የመርሳዎቹን አይተው። መንገድ ዳር ፓፓያ የምትሸጥ ሴት ይህን ስታይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች “ዋይ! ማን ጎደለብን?” ብላ ልቅሶ ጀመረች። ከኋላ ካሉት አንዱ አንገቱን አስግጎ “የታለ? የታለ?” ይላል፤ ሌላው “ዝም በል፣ ሰው ሞቶ!” ይለዋል።

ይማም ጠጋ ብሎ በዝግታ “የማን ጀናዛ ነው፣ ጋሽ ሙሄ?” አለኝ።

ዘሀራ፣ መንገዱ ላይ ጀናዛ አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

አልፏል፣ ወደ ቀብሩ ታጥፏል ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ትንሽ ቆመው ይሄዱ ነበር፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ለጀናዛ የወረደ ሰው ሆኜ እቀር ነበር፤ ሰይድም ምንም አይሰማም ነበር። ይህ ሁሉ በልቤ አለፈ። ግን ለሞተ ሰው ወረድኩ ብዬ መዋሸት ከዚያ ከይማም ደወል በምን ይሻላል? “ጀናዛ የለም። ጉልበቴ ነው ያወረደኝ። ዳገቱን መውጣት አቃተኝ” አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል፣ ሁሉም ሰማ።

ፓፓያ ሻጭዋ “ኤዲያ! በከንቱ አስጮኹኝ!” ብላ ነጠላዋን ስትፈታ ሳቁ ፈነዳ። ከወልድያዎቹ አንዱ “ታዲያ ምን እንጠብቃለን!” ብሎ ዘሎ ወጣና በረረ፤ ሌሎቹም እየተንጋጉ ተከተሉት። ሙክቱን የወሰደው እሱ ነው አሉ።

ይማም አልሄደም። “ጋሽ ሙሄ፣ ሙክቴን በሉት እኮ” አለ። ታዲያ አታልፈኝም ነበር አልኩት። “አንቱ ወርደው እንዴት አልፋለሁ?” አለ። ቀጥሎ “ያን ጊዜ . . .” ብሎ ሊጀምር ሲል እንሂድ አልኩት፤ አላስጨረስኩትም። ሳይክልዎን ልግፋልዎት ብሎ እጁን ሰደደ፤ እሱንም ከለከልኩት። እሱ የሱን፣ እኔ የኔን እየገፋን አንቺ ዘንድ ደረስን። እራስጌሽ ቆሜ እጄን ለዱዓ ስዘረጋ እሱም ዘረጋ። የኔ አልቆ የሱ ቆየ። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም፤ ሲመለስ ግን “ደህና ግባ” አልኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሱ ያልኩት የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው፤ ይበቃዋል።

የወሰንኩትን ልንገርሽ። ከእንግዲህ በሳይክል አልመጣም። ለሰይድ የዚያኑ ቀን ነገርኩት። እሰይ ይላል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። እንዲህ ከሆነ ለምን ስትነዘንዘኝ ኖርክ ብዬ ተቆጣሁት፤ ከመቆጣት ሌላ የማውቀው የለም። ሳይክሏን አልሸጥኳትም። ቆማ ከምትዝግ ይማም አንዳንድ ቀን እንዲነዳት ፈቀድኩ። መጀመሪያ ግን አወራረዱን ፊቴ ደጋግሞ አሳየኝ፤ አሁንም ቀኝ እግሩን ቶሎ አያነሳም።

ምን ያህል እንደሚቀረኝ አላውቅም፣ ብዙ አይመስለኝም። የቀረኝን ያህል በየሶላቴ ስምሽን አነሳለሁ፤ ልጆችሽም እንዲያነሱ አደርጋለሁ፣ ወደዱም ጠሉም። ሐሙስ እመጣለሁ። ባጃጅ ደግሞ ካልሞላ አይነሳም፤ በማለዳ ሲሪንቃ የሚሄድ ሰው ብዙ አይገኝም። ብዘገይብሽ አትቀየሚኝ። መጥቻለሁ፤ መርሳ ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው።

ሙሄ